የእህቴ ባልና አዲሱ ማርሚታ

የእህቴን ባል አልወደውም። ይሄን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኋላ ደግሞ "አድልተሻል" የሚለኝ ሰው እንዳይመጣ። አዎ፣ አድልቻለሁ።

ሰውየው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም "ሞተሬ" ይለዋል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር የምትወጣው እሷ ቃል ስለሆነች። መጥፎ ሰው ነው ብሎ የሚያማው አንድም ሰው አለመኖሩ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። አይሰክርም፣ አይማታም፣ ውጭ አያድርም። እኔ ስለ እሱ ገና አንድ ነገር ልናገር ስል እህቴ ይሄንኑ ትደረድርልኛለች።

"እና ይሄ ሙያ ነው?" እላታለሁ። "ወንበሩም እኮ አይሰክርም። ወንበሩም አይማታም። ወንበሩም ማታ ማታ እቤት ነው።"

ትስቃለች። እኔ ግን ቀልዴን አይደለም የምናገረው። እህቴ ልብስ ሰፊ ነች፤ የሚኖሩት ግቢ ውስጥ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ የስፌት ማሽኗ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ልጅ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ትውላለች፣ ማታ እሱ ይገባል፣ ይበላል፣ ስትጠይቀው "እ" ይላታል፣ ይተኛል። ጠዋት "ደህና አደርክ?" ስትለው "እ"። "ደንበኛዬ መጥታ ነበር" ስትለው "እ"። "ዛሬ ደክሞኛል" ስትለው ያው "እ"። ሌላ ፊደል ያልቆጠረ ይመስላል።

"እሱ እኮ ቃል የለውም፣ እትዬ" ትለኛለች። "አልፈጠረበትም። አንዳንድ ሰው እንደዚህ ነው፤ ሆዱ ሙሉ ነው፣ አፉ ግን አይታዘዝለትም።"

እኔ ይሄን ስትል ጣፋጭ ነገር አይናገርም ማለቷ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱም እኔ የማውቀው ሰውዬ አፉን የማይዘጋ ሰውዬ ነው። የኔ የመለዋወጫ ሱቅ ከጋራዡ ጋር የተለያየው በአንድ ቆርቆሮ ነው፤ እዚያ የሚወራውን ሁሉ ካንዴላና ማጣሪያ ስደረድር እሰማለሁ። እሱ ጋራዥ ከገባ ለሌላው ሰው ተራ አይደርሰውም። ሞተሬ ዛሬ ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው፣ ሞተሬ ዝናብ ሲመታት እንዴት እንደምትሆን፣ ሞተሬ እንዲህ፣ ሞተሬ እንዲያ። ለሷ ጥያቄ "እ" ቢልም፣ ስለ ሞተሩ ግን እቤትም እንዲሁ ነው የሚያደነቁራት ብዬ አስብ ነበር።

የማርሚታው ጣጣ የጀመረው አንድ የሥራ ጓደኛው ባወራለት ወሬ ነው። ፋብሪካው የገጠመው ጭስ ማውጫ ሞተሩን ያፍነዋል አለው። ቧንቧውን ሰፋ ባለ ለውጠህ፣ ድምፅ ማፈኛውን ማርሚታ ደግሞ አውልቀህ ክፍት የሆነውን ብትገጥም፣ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቀንሳል። የኛ ሰው ይሄን ሰምቶ ሱቄ ሰተት ብሎ ገባ።

"እትዬ፣ ሰፊ ማርሚታ አለሽ?"

"የለኝም።"

"መቼ ይመጣል?"

"እኔ በሕይወት እያለሁ አይመጣም" አልኩት። "መውጫውን ብቻ አስፍተህ ምን ልታተርፍ ነው? የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነብልህ ሰው ሳታገኝ እንዳትነካካት።"

"እ" አለኝ፤ ለኔ ሲሆን ያቺን ፊደል አላጣትም። ሄዶ ከቁራሌው መጋዘን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ያገለገለ ማርሚታ ከነቧንቧው ገዛ። ለጋራዡ ሰው ቢያሳየው እንደሚሰድበው ስለሚያውቅ መንገድ ዳር ያለ በያጅ ዘንድ ወስዶ አስበየደው። ሁለቱ ቧንቧዎች የሚጋጠሙበት አንገት ዘመም ብሎ ቀረ። እሱ ይሄን መቼ አይቶ፤ ድምፁን ሰምቶ አብዷል።

ድምፁን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሰፈሩ የሱን መግባት እሱ ገና አስፋልቱ ላይ እያለ ያውቀዋል። ጎረቤት ያሉት ጡረተኛ ሽማግሌ ከበራቸው ወጥተው "ይሄ ነገር ሊያርፍ ነው ወይስ ሊነሳ ነው?" ብለው እህቴን ጠየቋት። እሷ አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። እሱ ግን በመስታወቱ ውስጥ ለራሱ ፈገግ ይላል።

ነዳጁማ የባሰ ሆነ። ይቀንሳል የተባለው ነዳጅ እንደ ጉድ ይሄድ ጀመር፤ ጠዋት ሞልቶ የወጣው ከሰዓት በኋላ የነዳጁ መርፌ ተኝቶ ይገኛል። "ገና ስላልለመደችው ነው፣ ትላመዳለች" ይላል። ያንን ድምፅ ለመስማት ሲል ነዳጅ መስጫውን እንደ ጠላት አንገት ነው የሚረግጠው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ብሎ መኪናውን የሚያቆመው የት ይመስላችኋል? እህቴ መስኮት ሥር። ጥቁር ጭስ ተነስቶ በመስኮቱ ይገባል፣ ጨርቁ ላይ ይተኛል፣ እሷ ደረት ውስጥ ይገባል።

ማሳል ጀመረች። ድምጿ ሻከረ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዋ የወሰደችውን ቀሚስ ይዛ ተመለሰች። መሥሪያ ቤት ለብሳው ሄዳ "ከልብስ ሰፊ ነው ከጋራዥ ያመጣሽው?" ብለው ሳቁብኝ አለቻት። እህቴ ቀሚሱን ተቀብላ አጠበችው፣ አሰጣችው፣ ተኮሰችው፣ አሁንም ጭስ ጭስ ይሸታል። ማታ እሱ ሲገባ ሁሉንም ነገረችው። ደንበኛዋን፣ ሳሉን፣ ጎረቤታቸውን።

"እ" አላት። ከዚያ መኪና የሚወለውልበትን ጨርቅ የት እንዳደረገችው ጠየቃት።

በማግስቱ ሱቄ መጣችና ከዘይት ጣሳዎቹ መሃል በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "በቃኝ፣ እትዬ" አለች በዚያ በሻከረ ድምጿ። "ሰው አጠገቤ ያለ አይመስለኝም።" እኔ ይሄንን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ቶሎ ብዬ ከሱቁ ኋላ ያለችውን ክፍል ከጎማና ከካርቶን አጸዳሁ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀባሁት፣ ማሽኗን የምታስቀምጥበትን ቦታ በብርሃኑ ለክቼ አዘጋጀሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ አለችኝ። ቃል ተገባባን።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ። መካኒኩ ያዘዘኝን ማጣሪያ ላቀብለው ነው የገባሁት። መካኒኩን "ብሎን" ነው የምንለው፤ አጭርና ድፍን ያለ፣ አንዴ ከጠበቀ የማይላላ ሰው ነው። ስልኩ ጮኸ። እጁ ግራሶ በግራሶ ስለነበር "እስቲ ክፈቺልኝ" አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ በርሜሉ ላይ አስቀመጥኩለት። የእህቴ ባል ነው።

"ብሎን፣ የሷ ነገር እኮ አልሆነም" አለ።

"ምን ሆነች ደግሞ?"

"ጠዋት አልነሳም ትላለች። በስንት ልመና ነው የምትነሳው። ከተነሳች በኋላ ደግሞ ታስላለች። ድምጿም ልክ አይደለም፤ ድሮ እንዲህ አልነበረችም እኮ።"

"ያንን የቁራሌ ማርሚታ ማን ግጠምላት አለህ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልካድኩም። ደህና የነበረችውን እኔ ነኝ ያበላሸኋት። እውነቴን ነው የምልህ፣ በሷ ጉዳይ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስትጨነቅ እኔን ነው የሚያመኝ።"

"እንግዲያው ሽጣትና ሌላ ያዝ" አለው ብሎን፣ ነገር ሊቆሰቁስ።

"እሷን? እሷን በማን ልለውጣት ነው? ያንን ሁሉ ክፉ ቀን አብራኝ አሳልፋ? አይሆንም። የፈለገው ነገር ይምጣ፣ ብቻ እንደ ድሮዋ ትሁንልኝ።"

ብሎን ቅዳሜ በጠዋት አምጣት አለውና ስልኩን በክርኑ ዘጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ሰውየው ሊያለቅስ ነበር እኮ" አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሚስቱ ደረቷን ይዛ ስታስል አንዲት ብርጭቆ ውሃ ያላቀበለ ሰውዬ፣ ለቆርቆሮ አንጀቱ ሲላወስ ሰማሁት። ማጣሪያውን በርሜሉ ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእሱ በቀር የመጣ የለም። መኪናዋን ጋራዥ አስገባ፤ ብሎን የቧንቧውን አንገት ሲያየው ተሳደበ፤ እኔ ዘንድ መጥቶ ጋስኬት ገዛኝ። እህቴ ግን የለችም። ረፋዱ አለፈ። ስደውል አታነሳም። ሱቁን ቆለፍኩና ሄድኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገብቼ ሳያት ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ሻንጣ የለ፣ የታሰረ ዕቃ የለ። ፀጉሯን ተሠርታለች።

"አልመጣም፣ እትዬ" አለችኝ ቀና ሳትል። "እንዳትቆጪ። ቁጭ በይ ልንገርሽ።"

ቁጭ አላልኩም። እሷ መርፌውን ከጨርቁ ላይ አነሳችና ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ ካየሁት ቆይቻለሁ።

"ሐሙስ ዕለት ልብስ ስተኩስ እሱ ግቢው ውስጥ በስልክ ያወራል" አለች። "መጀመሪያ ልብም አላልኩት። ኋላ 'ጠዋት አልነሳም ትላለች፣ ታስላለች' ሲል ሰማሁ። ካውያውን አስቀምጬ ቆምኩ። 'ድምጿ ልክ አይደለም' አለ። እትዬ፣ ለካ ድምፄን ይሰማዋል። 'ጥፋቱ የኔ ነው፣ ደህና የነበረችውን እኔ ነኝ ያበላሸኋት' አለ። 'ስትጨነቅ እኔን ነው የሚያመኝ' አለ። ሰውየው ምን እንዳለው አላውቅም፣ ብቻ 'እሷን በማን ልለውጣት ነው?' አለው። 'ያንን ሁሉ ክፉ ቀን አብራኝ አሳልፋ' አለ። እኔ እኮ አይቆጥረውም ብዬ ነበር፣ የረሳው ነበር የሚመስለኝ።"

አሁን ቁጭ አልኩ።

ጥፋቱ የቋንቋችን ነው እንዳልል፣ ቋንቋችን ምን በደለ። ጋራዥ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መኪናን "እሷ" ነው የሚላት። ትጠጣለች፣ ታስላለች፣ አልነሳም አለች፣ ትደክማለች። መኪናዋ ብሎ ስሟን የሚጠራ የለም፤ እሱም ያን ቀን ብቻ ያቺን "ሞተሬ" አንዴም አላነሳትም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት እንዲሁ ስል ኖሬ አንድም ቀን ግራ የሚያጋባ ነገር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

"ከዚያን ቀን ወዲህ ሳሉ ቀለል አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?" አለች እህቴ።

ይሄ ነው የገደለኝ። ልተወው ብዬም ነበር፤ ይቅር፣ በዚሁ ትኑር፣ ደስ ካላት። ግን ነገ ምን ሊሆን ነው? ነገ "እ" ሊላት ነው። ከነገ ወዲያም "እ"። እሷ ደግሞ ያቺን የስልክ ወሬ እንደ ጌጥ ይዛ፣ ሆዱ ውስጥ ሌላ አለ እያለች፣ እዚያች መስኮት ሥር ስታስል ልታረጅ ነው። እህቴ ነች። አልችልም።

"የሚያወራው ከብሎን ጋር ነበር" አልኳት።

"እና?"

"እኔ እዚያው ነበርኩ። ስልኩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ስለ መኪናዋ ነው የሚያወራው።"

አላመነችኝም። "ትጠይውም አይደል" በሚል ዓይን አየችኝ። ብሎን ያለውን በሙሉ ቃል በቃል ነገርኳት፤ እሷ የሰማችውን ከእኔው ጋር ስታጋጥመው ፊቷ ላይ አየሁት።

"ሁሉንም?" አለችኝ።

"ሁሉንም።"

"'በማን ልለውጣት' ያለውንም?"

"እሱንም።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጨርቁን አጠፈችው። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። "ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ያወራል?" አለች።

"አፉን ይዘጋል እንዴ! ጆሮዬን በልቶ የጨረሰው ማን ሆነና።"

"እኔ እኮ አይችልም ብዬ ነው የኖርኩት" አለች። "ይሄን ሁሉ ዓመት፣ ቃል የለውም እያልኩ ለሰውም ለራሴም ሳስረዳለት። ቢኖረው ይለኝ ነበር እያልኩ።" ከዚያ ተነስታ የማሽኑን ክዳን ገጠመች። "አለው ለካ።"

ዕቃዋ ብዙ አይደለም። ልብሷን በሁለት ጨርቅ ጠቀለልን፣ መቀሶቿንና ክሮቿን በካርቶን አደረግን። የማሽኑን ራስ ከጠረጴዛው ፈታን፤ ጠረጴዛውን ሌላ ቀን ሰው እልካለሁ አልኳት። ይሄን ይዘን ልንወጣ ስንል ግቢው በር ላይ መኪና ቆመ። ድምፅ ስላልነበረው እሱ መሆኑን ያወቅነው ሲወርድ ስናየው ነው።

ሰውየው በደስታ ሊፈነዳ ነው። "ሰማሽ?" አላት ለእህቴ። "ድምጿን ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አለችው።

ቀጥሎ ማሽኑን እቅፏ ውስጥ ሲያይ "ይሄን ይዘሽ ወዴት ነው?" አለ።

"እትዬ ዘንድ።"

"በእግር? ላድርሳችሁ እንጂ፣ በዚያው እሞክራታለሁ።" ማሽኑን ከእጇ ተቀብሎ፣ ወንበሩን እንዳይጭረው አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፈለትና በጥንቃቄ አስቀመጠው። ጥቅሎቹንም ጫነ። ምንድን ናቸው ብሎ አልጠየቀም። እህቴ ከኋላ ገባች፤ እኔ እንደ ዕዳ ከፊት ከእሱ ጎን ተቀመጥኩ።

ሙሉ መንገዱን አወራ። ሚስቱን ከቤቱ እያስወጣ፣ በገዛ እጁ እየነዳ አወራ። የቧንቧው አንገት ዘሞ ስለተበየደ በስንጥቁ አየር ይገባ ነበር አለን። ጭሱን የሚያሸተው ሴንሰር ያን አየር ሲያገኝ ነዳጅ ያነሳት ይመስለዋል፤ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጨምርላት ይላል። "ጠግባ እያለች ርቧታል እየተባለ ነው ስትጎርስ የከረመችው፣ ምስኪን" አለ። ብሎን አንገቱን ሞርዶ አስተካከለው፣ አዲስ ጋስኬት አስገባ፣ ክፍቱን ማርሚታ አውጥቶ የዱሮውን መለሰ፣ ኮምፒውተሩንም አንብቦ አስተካከለላት። "ግማሹ ነዳጅ ደግሞ እግርህ ሥር ነው ያለው አለኝ" ብሎ ሳቀ። "እውነቱን ነው። አሁን እንደ እንቁላል ነው የምረግጣት። እይው መርፌውን፣ እትዬ፣ ንቅንቅ አላለም።"

መርፌውን አላየሁለትም። በመስታወቱ እህቴን አየኋት፤ አንድ እጇን ማሽኑ ላይ አድርጋ እሱን ትሰማለች። እንዲህ ሲያወራ ስትሰማው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ቃል ሳታስመልጥ ነበር የምትሰማው።

ሱቁ በር ላይ ደረስን። ዕቃውን እሱው አወረደ። ከዚያ መሪው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ሞተሩን ሳያጠፋ "መቼ ልምጣ ልውሰድሽ?" አላት።

"አትምጣ" አለችው። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የምኖረው።"

ሞተሩን አጠፋ። "ምን አድርጌ?" አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ የምጠላውም ሰው ቢሆን ልመስክርለት፣ ምንም አልገባውም።

"ሐሙስ ዕለት በስልክ ስታወራ ሰማሁህ።"

ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። አሰበና፣ ትዝ ሲለው ፊቱ ሁሉ ተፈታ። ጭንቀት እንደወረደለት ሰው ሳቀ።

"ኧረ አንቺ ደግሞ" አላት። "እሱ እኮ ስለ መኪናዋ ነው። ሰው ፊት አማኝ ብለሽ ነው? ብሎንን ጠይቂው፣ እትዬም ትመስክር። እኔ ስላንቺ ከሰው ጋር አውርቼ አላውቅም። አንዲት ቃል ስላንቺ ከአፌ ወጥታ አታውቅም።"

"አውቃለሁ" አለችው እህቴ። ማሽኗን አቅፋ ገባች።

እሱ ያ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። "ገባት አይደል፣ እትዬ?" አለኝ።

"ገብቷታል" አልኩት።